ሰላም ሲወድቅ ሰላማዊት ለምን ታልፋለች? ፓይተን፣ ዊንዶውስ እና የእድር መዝገብ

መክፈቻ

እንደምን ዋላችሁ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ አራት ወር ሆነኝ። መመረጥ ከተባለ ነው። ስብሰባው ላይ ላፕቶፕ ይዤ መምጣቴ ብቻ በቂ ነበር። አባላቱ 186 ናቸው። ስማቸውን ከመዝገቡ ላይ እያየሁ ኖትፓድ ላይ ገለበጥኩ። በየመስመሩ ስም፣ ኮማ፣ የከፈሉት ብር። ከዚያ ፋይሉን በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) አንብቤ ብሩን ልደምር፣ ያልከፈለውን ልለይ ነበር ሐሳቤ።

መጀመሪያ በአምስት ስም ሞከርኩት። አበበ፣ ከበደ፣ ሳራ፣ ሀና፣ ሰላማዊት። ድምሩ ልክ መጣ። ደስ ብሎኝ ሙሉውን ፋይል ሰጠሁት። ወደቀ። ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር። ቻርማፕ የሚባል ነገር ይጠራና ባይት 157ን መፍታት አልቻልኩም ይላል። ባይት ማለት ኮምፒውተሩ ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው። እሱ ቁጥሩን የሚጽፈው በአስራ ስድስት ቤት ነው፤ እኔ ወደለመድነው ቀይሬዋለሁ።

መስመር እየቆረጥኩ ስፈልግ ጥፋተኛዋ ተገኘች። ሰላም ናት። ፋይሉ ውስጥ ሰላምን ብቻዋን ሳስቀምጥ ይወድቃል። ሰላማዊትን ሳስቀምጥ ያልፋል። ሰላምን አውጥቼ ብቀጥል አልማዝ ላይ ወደቀ። አልማዝን ሳወጣ ትዕግስት። ቀጥሎ ነጻነት። እንዲህ እያልኩ ከሄድኩ እድሩ ውስጥ የሚቀሩት አበበና ከበደ ብቻ ናቸው።

ዊንዶውስ 10፣ ፓይተን 3.11 ነው። ኮዱ ፋይሉን በኦፕን ከፍቶ በፎር እየዞረ ያነባል። ሌላ ነገር የለውም። ፓይተን ስም ይመርጣል እንዴ?

(ከዚህ በታች ያለው በኋላ የተጨመረ ነው። ክሩ (ይህ የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት) 26 መልስ ደርሶ በስልክ ለማንበብ አስቸገረ የሚል ቅሬታ ስለበዛ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ። ስድቡን አሳጥሬዋለሁ።)

መልስ 1

ቨርጂኒያ ያለ ልጅ ነው። ኮዴን ወስዶ በራሱ ማክ ላይ ሞከረው። ሰላምም አልማዝም ያለ ችግር እንዳለፉለት ነገረኝና አንድ የሚስቅ ፊት አስቀምጦ ሄደ።

መልስ 2

በጣም ትሁት ሰው። ኦፕን ውስጥ ኤረርስ የሚለውን ኢግኖር አድርገው፣ ስህተቱ ይጠፋል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጠፋ። አመስግኜው ያንኑ ማታ ሙሉውን ዝርዝር አነበብኩ፣ የአንዳንዱን ክፍያ አስተካከልኩ፣ እዚያው ፋይል ላይ መልሼ ጻፍኩት። ይህችን የመጨረሻ ነገር ያዙልኝ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

መልስ 3

የክሩ ምሰሶ ይህ ነው። መላሿ ባንክ ቤት ውስጥ ከዳታ ጋር እንደምትሰራ ብቻ ነው የጻፈችው። የስም ጉዳይ ሳይሆን የባይት ጉዳይ መሆኑን ያስረዳችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሁኑ ኖትፓድ ፋይል የሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ነው፤ ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ሰንጠረዥ ማለት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሶስት ባይት ይወስዳል። ሰ ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው። ላ 225፣ 136፣ 139። ም ደግሞ 225፣ 136፣ 157። ዊንዶውስ ላይ ያለው ፓይተን ግን ፋይሉ በምን እንደተጻፈ ካልነገሩት አይገምትም። ማሽኑን ይጠይቃል። ማሽኑ እንደ አብዛኞቻችን በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተስተካከለ ከሆነ 1252 የሚባለውን አሮጌ የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ይሰጠዋል። እዚያ ላይ አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው። ከ256ቱ መቀመጫዎች አምስቱ ባዶ ናቸው፦ 129፣ 141፣ 143፣ 144፣ 157።

ሰላም የወደቀችው ለዚህ ነው። የም የመጨረሻ ባይት ባዶው ወንበር ላይ አረፈ። ሰላማዊት ውስጥ ም የለችም፤ ያለችው ማ ናት። የማ መጨረሻ 155 ነው። 155 ባለቤት ስላለው ያልፋል። ል፣ ው እና ግ በ141 ይጨርሳሉ። ዝ በ157። ነ በ144። የፀ፣ የፈ እና የፐ ቤት በሙሉ 141ን መሃል ላይ ይዞ ስለሚመጣ አንዱም አያልፍም። አራት ነጥብም አያልፍም። ስለዚህ ጸጋ ብለህ ብትጽፍ ታልፋለች፣ ፀጋ ብትላት ትወድቃለች። ይህን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው። ኦፕን ውስጥ ኢንኮዲንግ ብለህ ዩቲኤፍ-8 ስጠው። ፓይተን 3.15 ላይ ይህ ነባሪ እንዲሆን፣ ማለትም ሳይነገረው ራሱ እንዲወስደው፣ ፔፕ 686 በተባለው የፓይተን የለውጥ ሰነድ ተወስኗል። እስከዚያ ግን ሁልጊዜ በእጅ ይጻፍ አለች።

ከዚያ አንድ ነገር አዘዘችኝ። ያለፉትን ስሞች አትማቸው። እኔ ብሩን ደምሬ እንጂ ስሙን አትሜ አላየሁም ነበር። አበበን አተምኩት። ጭረት የተጫነባት የላቲን ኤ ሶስት ጊዜ መጣች። በመሃል ቆብ የደፋ ኤስ አለ። ሁለት የፐርሺህ ምልክት አለ። የቀረው የማይታይ ክፍት ቦታ ነው። ርዝመቱን ብጠይቀው 9 አለኝ። ሶስት ፊደል መሆን የነበረበት ስም! ሰላም ቢያንስ ጮኻ ወደቀች። አበበ ግን ድምፁን አጥፍቶ ተበላሽቶ ነበር። ከክሩ ሁሉ እስከዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህኛው ነው።

መልስ 4፣ 5 እና 6

አራተኛው ማክና ሊኑክስ ላይ ነባሪው ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ የቨርጂኒያው ልጅ ችግሩን ሊያየው እንደማይችል አስረዳ። እዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እኔ ጋ ይሰራል ማለት መልስ እንዳልሆነ፣ ለታመመ ሰው እኔ ደህና ነኝ እንደማለት መሆኑን ጨመረበት። ልጁ በ5 ላይ ተመልሶ ቢያንስ ሞክሬ አይቻለሁ፣ አንተ ምን ሞከርክ አለ። 6 ሁለቱም ትክክል ናቸው ብሎ ገላገለ። ሁለቱም ትክክል አልነበሩም፤ ግን ገላጋይ እንደዚያ ነው።

መልስ 7

ኢግኖርን ያየ ሰው ገባ። መልስ 2ን በስም እየጠራ ወረደበት። ይህ ጥገና ሳይሆን የዘይት መብራት ሲበራ አምፖሉን ነቅሎ መንዳት ነው አለ። ኢግኖር ማለት ያልገባህን ባይት ጣለው ማለት እንደሆነ፣ የተጣለ ባይት ደግሞ የተጣለ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ፋይሉ ላይ መልሰህ ጽፈሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሄጄ ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች ጭረት የተጫነባት ኤ። መስመር በመስመር በዩቲኤፍ-8 ሳነበው ከ186ቱ ስም 118ቱ ጎደሎ ነው። ሰላም ሰላ ሆና ከኋላዋ ሁለት ባይት ተንጠልጥሏል።

መልስ 8 እና 9

መልስ 2 የጻፈው ሰው ትህትናው አለቀ። ለዓመታት የሰርቨር ሎግ (የሥራ መዝገብ) በዚሁ መንገድ እንዳነበበ፣ አንድም ቀን ችግር እንዳልገጠመው፣ የተጠየቀው ስህተቱን ማጥፋት እንደሆነና ማጥፋቱን ጻፈ። በእኔ እይታ ግማሽ እውነት አለው። ሎግ እያነበብክ አንድ ፊደል ብትጎድል ምንም አይደለም። 7 ግን በ9 ተመልሶ ስህተቱን ብቻ ሳይሆን 118 ሰው ከእድር አባረርክ አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ስብሰባው እሁድ ነው።

መልስ 10

በጨዋነት እንነጋገር የሚል ማሳሰቢያ።

መልስ 11፣ 12 እና 13

አንድ ተማሪ በመሃል ገብቶ የራሱን ጥያቄ ጠየቀ። ፓንዳስ የሚባለውን የዳታ መሣሪያ በፒፕ፣ በፓይተን መጫኛው፣ ጭኖ ሲያበቃ ኢምፖርት ሲያደርገው አልሰራም ይላል። 12 በሶስት መስመር መለሰለት። ኮምፒውተርህ ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን ስላለ ፒፕ አንዱ ላይ ጭኖ አንተ ሌላውን እያስኬድክ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፒፕን ብቻህን አትጥራው፣ ከፓይተኑ ጋር በሰረዝ ኤም ጥራው። ሁለተኛ፣ የራስህን ፋይል ፓንዳስ ብለህ ሰይመህ እንዳይሆን። እንደዚያ ሰይሞት ነበር! ልጁ አመስግኖ ሳያበቃ 13 ጭነቱ የሞባይል ዳታውን እንደሚጨርስበት አማረረ። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ፒፕ ዳውንሎድ ብሎ በፍላሽ ይዞ መምጣት እንደሚቻል ተነገረው።

መልስ 14

ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ኮምፒውተር የጀመሩት ፓይተን ሳይወለድ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ1991 በፊት እንደሆነ በየክሩ ያስታውሱናል። መብታቸው ነው።

የተጣለው ባይት ምን ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን አሉ። ከአምስቱ ባዶ ወንበሮች አንዱ ነው። 225 እና 136 ሆኖ የተንጠለጠለ ካገኘህ፣ ሶስተኛው 129 ከነበረ ሁ ነው፣ 141 ከነበረ ል፣ 143 ከነበረ ሏ፣ 144 ከነበረ ሐ፣ 157 ከነበረ ም። አምስት ምርጫ ብቻ። ሰላ ካለ በኋላ ሁ፣ ል፣ ሏ ወይም ሐ የሚል የሰው ስም ስለማይኖር ም ናት። ኮድ ጽፈው አምስቱንም እየተካ እንዲያሳየኝ አደረጉ። ሰላም፣ አልማዝ፣ ነጻነት ተመለሱ። እጄን በአፌ ጫንኩ።

ከዚያ ተስፋዬ ጋ ደረስን። የፋ ባይቶች 225፣ 141፣ 139 ናቸው። የጠፋው የመሃሉ ነው። የቀረው 225 እና 139 ደግሞ መጨረሻው የተቆረጠ ሌላ ፊደል ይመስላል። የጋሼ ኮድ ተስውዬ እና ተስዝዬን የመሳሰሉ አዳዲስ አባላት አቀረበልኝ።

መልስ 15

7 ነው፣ አሁን ለስለስ ብሏል። ጋሼን እርስዎ ብሎ፣ ዘዴው ግሩም እንደሆነ ነገር ግን ፍ ላይ እንደማይሰራ አመለከተ። ፍ 225፣ 141፣ 141 ስለሆነች ሁለት ባይት ጠፍቶባት የቀረችው አንዲት 225 ናት። ፍቅሩና ፍሬሕይወት የሚጀምሩት በባዶ ነው ማለት ነው። ጋሼ እንደሚያሻሽሉት ቃል ገቡ። ሁለቱ ስለ መዝገበ ቃላትና ስለ ስም ዝርዝር አስር መስመር ያህል ተጻጻፉ።

መልስ 16

የመልስ 3 ባለቤት ተመለሰች። ስሞቹን ከየት ነበር የገለበጥከው? ከመዝገብ። መዝገቡ አሁን የት ነው? ቤቴ፣ ቁም ሳጥን ላይ። 118 ስም ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጋሼም 7ም ዝም አሉ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ከቡና ጋር። ክፍያውን አልነካሁትም፤ ቁጥርና ኮማ በሁለቱም ሰንጠረዥ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ምንም አልጎደለባቸውም። ሌላ ቅጂ ደግሞ አሁን ፍላሽ ላይ አለ።

መልስ 17 እና 18

ገንዘብ ያዣችን ኤክሴል ካልሆነ አላይም ስላለ የወጣውን ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የጽሑፍ ፋይል) ሰጠሁት። ኤክሴል ላይ ያው ኤ ከነጭረቷ ተመለሰች። 17 ፋይሉን ስትጽፍ ዩቲኤፍ-8-ሲግ በለው አለ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሶስት ባይት ምልክት ይጨምራል፣ ኤክሴል በዚያ ያውቀዋል። ሰራ።

18 ግን ቀጣዩን ጉድጓድ ቀድሞ አሳየኝ። ያንን ፋይል በተራ ዩቲኤፍ-8 መልሰህ ካነበብከው ምልክቱ የመጀመሪያው ዓምድ ርዕስ ላይ ይጣበቃል። ስም የሚለውን ዓምድ ስትጠይቀው ኪ ኤረር ይልሃል። ስታትመው ስም ተብሎ ተጽፎ በዓይንህ ታየዋለህ፤ እሱ ግን የለም ይላል። ሲያነቡም ሲግ ማለት ነው መፍትሔው። ይህ ሰው ሳይነግረኝ ቢሆን ኖሮ አንድ ሌሊት ይበላኝ ነበር።

መልስ 19

እሁድ ስብሰባው ላይ ያልከፈሉትን ዝርዝር አነበብኩ። ከዝርዝሩ ውስጥ የእድሩ ዳኛ ነበሩ። ጋሽ ኃይሉ በሕይወታቸው አንድ ወር አሳልፈው አያውቁም። ድንኳኑ ውስጥ የነበረውን ጸጥታ አልነግራችሁም። እኔ መዝገቡን አይቼ በ«ኃ» ጽፌያቸዋለሁ። ገንዘብ ያዡ የከፋዮቹን ዝርዝር በ«ሃ» ሰጥቶኛል። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው። ለፓይተን ሁለት። ይህን እዚሁ ክር ላይ ስጽፍ 19 ሆኖ ተቆጠረብኝ፤ ከዚህ በኋላ ክሩ የእኔ መሆኑ አበቃ።

መልስ 20፣ 21 እና 22

20 ድሮውንም ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ተጨማሪ ሸክም ናቸው፣ አንዳንዳቸውን ይዘን ሌላውን እንጣል አለ። 21 ተቆጣ። ግእዝ ላይ ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ እንደ ፀሐይ፤ ሰረቀ ደግሞ ያው ሰረቀ ነው፤ ፀሐይን ሌባ ልታደርጋት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 22 እኛ የምንጽፈው አማርኛ ነው እንጂ ግእዝ አይደለም ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከፓይተን ጋር ግንኙነት ስለሌለው አልጽፈውም። አንድ ሰው ስለ አንድ ሰው አያት ተናግሯል።

መልስ 23

ጋሼ ናቸው። ክርክሩ ከሁላችን በፊት ነበረ፣ ከሁላችን በኋላም ይኖራል፣ ዛሬ የሚያስፈልገን የዳኛውን ስም ማግኘት ነው አሉ። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን፣ ማለትም የአንድን ፊደል የተለያየ አቀማመጥ አንድ የሚያደርገው ሥርዓት፣ እነዚህን ፊደላት አንድ አያደርጋቸውም። ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ፊደልን በፊደል በሚተካው በትራንስሌት የራስህን ሰንጠረዥ ስራ፦ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ኃ ሁሉም ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐና ዓ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነርባታቸው። ግን አደራ፣ አሉ፣ ስሙን ራሱን አትንካ። ለማመሳከሪያ ሌላ ዓምድ ክፈትለት። ሰው በስሙ ይጻፋል።

መልስ 24 እና 25

24 ላይ አንዲት ልጅ ኮዷ ውስጥ ሲንታክስ ኤረር እንዳለ፣ ዓይኗ እስኪቀላ ብታይም ስህተት እንዳላገኘች ጻፈች። ኤረሩ ልክ ያልሆነ ፊደል ይልና 1361 የሚል የዩኒኮድ ቁጥር ይጠቅሳል። የአማርኛ ኪቦርዷን ሳታጠፋ ኮድ እየጻፈች ነበር። ኢፍ ካለ በኋላ ያስቀመጠችው የእንግሊዝኛውን ኮለን ሳይሆን የግእዙን ሁለት ነጥብ ነው። ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም ማለት ይቻላል። የመልስ 3 ባለቤት በዚያው አጋጣሚ ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በአማርኛ እንደሚቀበል ነገረቻት፤ ስም እኩል ይሆናል ብለህ መጻፍ ይቻላል። ነጥቦቹን ነው የማይቀበለው።

25 የግእዝ ቁጥር ይዞ መጣ። ፩ አሃዝ ናት ወይ ብለህ በኢዝዲጂት ብትጠይቅ አዎ ይልሃል። ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ቀይራት ስትለው እምቢ ይላል። ፲ ላይ ኢዝዲጂትም አይደለችም ይላል፤ ኢዝኑሜሪክ ግን ናት። ፓይተን ወደ ኢንት የሚቀይረው ዜሮ ያለበትን የአስር ቤት አሃዝ ብቻ ነው፣ የግእዙ ዜሮ የለውም። የዩኒኮድ ዳታ ሞጁልን ከጠየቁት ፲ 10 መሆኗን ይናገራል። ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ አልነገረንም።

መልስ 26

እኔው ነኝ። የጋሼን ሰንጠረዥ ሰራሁ። 186ቱም ከክፍያቸው ጋር ተገናኙ፣ ያልከፈሉት ዘጠኝ ብቻ ሆነው ወጡ። ሌላ ዓምድ መክፈቱ ስለሰነፈኝ ሰንጠረዡን ስሙ ላይ ራሱ ላይ አስኬድኩት። ዝርዝሩን አትሜ ቅዳሜ ለጋሽ ኃይሉ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው አነበቡ። ስማቸው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። «ሀ»ን ሰርዘው ከላይዋ «ኃ» ጻፉባትና ወረቀቱን መለሱልኝ። ክፍያቸውን አላዩትም።